እናቴ የተቀመጠችበት ወንበር

ትናንት ቀትር ላይ በራችን አጠገብ ጫት የምትሸጠው ጎረቤቴ ጫቱ እንዳይጠወልግ ጆንያው ላይ ውሃ ስታርከፈክፍ፣ የእርጥብ ጆንያ ሽታ በረንዳውን አልፎ እኔ ያለሁበት ድረስ ገባ። የልጅ ልጄ ሂሩትና ጓደኛዋ ፋጡማ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው፣ ባለፈው ሳምንት በባሕሩ ዳር በተደረገው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ስላዩት ስለሚወዱት ባንድ ይከራከሩ ነበር፤ ግማሹን በሶማልኛ፣ ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ እኔን ለዳኝነት ሲፈልጉኝ ደግሞ በአማርኛ። ዘፋኙ የመጨረሻውን ዘፈን መሃል ላይ ያቆመው ድምፁ ስለደከመ ነው ትላለች ሂሩት፤ የለም፣ ሕዝቡ እንዲቀበለው ብሎ ነው ትላለች ፋጡማ።

«አንቺ ስትጮኺ መች ሰማሽው?»

«አንቺስ ስልክሽን ስታስተካክዪ መች አየሽው?»

ሂሩት ስልኳን ከፈተች፣ ቪዲዮውን አዩ፣ ፋጡማ ረታች፣ ሻዩ ሳይፈላ ክርክሩ አለቀ። እኔ ግን ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነበር።

በልጅነቴ የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ የባቡር ሠራተኞች በሚበዙበት ግቢ ነው። የማድረው ከአክስቴ ጋር ነበር፤ እናቴ ፈረንሳዮች ቤት ስለምትሠራ እዚያው ታድራለች፣ የምትለቀቀውም እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። እናቴን ሳስባት ቆማ ነው የምትመጣብኝ፤ ገበታ ስታቀርብ ቆማ፣ ልብስ ስትተኩስ ቆማ፣ እኛ ጋ መጥታ ከአክስቴ ጋር ስታወራ እንኳ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማ። ቁጭ በይ ሲሏት «ከተቀመጥኩ ማን ያስነሣኛል» ብላ ትስቃለች፤ እግሯ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ይል ነበር።

ግቢያችን አንድ ቦኖ ነበረው። ውሃው ደስ ባለው ሰዓት ስለሚመጣ፣ ሰው ሁሉ ገረወይናውን አሰልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሕጉ የታወቀ ነበር፤ ቧንቧው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ገረወይናህ ቦታህን ይጠብቅልሃል፣ ውሃው መውረድ ከጀመረ በኋላ ግን ያልተገኘ ሰው ተራው አለፈው፣ ቆርቆሮውም ወደ ኋላ ይገፋል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ይህን ሕግ ግን በእጄም በጥርሴም አስከብር ስለነበር ትልልቆቹ ሰዎች ሳይቀሩ «ዳኛዋ መጣች» ይሉኝ ነበር።

የግቢው ኩራት የባቡር ሠራተኞቹ ባንድ ነበር። ዘፋኙ ቀን ቀን የፉርጎ ጎማ ግራሶ የሚቀባ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ መሪው አባ ዳውድ ደግሞ አኮርዲዮኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በዓይኑ ብቻ ያዛቸዋል። አንዱን ዘፈን በአማርኛ፣ ተከታዩን በሶማልኛ፣ ከዚያ በአፋርኛና በዐረብኛ እያፈራረቁ ይጫወታሉ፤ ለማንም አያዳሉም፣ እኔም በዚህ ነው የወደድኳቸው። እናቴ ሲለማመዱ በግድግዳ በኩል ሰምታቸዋለች እንጂ ሲጫወቱ አይታቸው አታውቅም።

አንድ እሑድ በጣቢያው ሜዳ የሙዚቃ በዓል ተደረገ። ከፊት የተደረደረውን ወንበር ወንዶቹ ማልደው ያዙት፤ እኛ ሴቶችና ልጆች ከገመድ ኋላ ቆምን። እናቴ የክት ነጠላዋን ለብሳ፣ ተረከዟን አንሥታ፣ በሰው ትከሻ መሃል ስታጮልቅ እኔ መድረኩን ትቼ እግሯን አያለሁ። የእኛዎቹ ወጥተው እናቴ የምትወደውን የአማርኛ ዘፈን እንደጀመሩ ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ። ያን ጊዜ ጫት ከድሬዳዋ የሚመጣው በባቡር ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ በጣም ዘግይቶ ስለነበር የወንዶቹ አንድ ጆሮ መድረኩ ላይ፣ ሌላው ሐዲዱ ላይ ነበር። ኮፍያቸውንና መሐረባቸውን ወንበራቸው ላይ ጣል ጣል አድርገው፣ እርጥቡ ጆንያ ወደሚራገፍበት ነጎዱ። አባ ዳውድ ለኮፍያ መጫወት ጀመረ።

እኔ በገመዱ ሥር ሾልኬ፣ ከፊተኛው ረድፍ አንዱን ኮፍያ አነሣሁና እናቴን በእጇ ጎትቼ አስቀመጥኳት። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሉ። ብዙም ሳይቆይ የኮፍያው ባለቤት ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ ጫቱን አቅፎ፣ ጉንጩን ነፍቶ ከተፍ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮፍያዬ እኮ ቦታ ይዞልኝ ነበር።»

«ኮፍያዎ ዘፈን ይሰማል እንዴ፣ ጋሽ ሞላ? ውሃው ሲወርድ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ይሄ ደግሞ ቦኖ ነው?»

እናቴ አፍራ ልትነሣ ስትል ትከሻዋን ይዤ ወደ ታች ተጫንኳት። አሁን ከተነሣች ዳግመኛ የትም እንደማትቀመጥ አውቄ ነበር። አባ ዳውድ አኮርዲዮኑን ዘጋ፣ ባንዱም ዝም አለ።

«ሞላ፣ ልጅቷ ልክ ናት፤ ገረወይናህን ይዘህ ወደ ኋላ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አባ ዳውድ ወደ ባንዱ ዞሮ «ከመጀመሪያው» አለ፤ ዘፈኑም እንደገና ተጀመረ። እናቴ ጫማዋን አወለቀች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች፣ ወንበሩን ደገፍ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ከዚያ በኋላ ግቢው የተከራከረው ስለዚያች «ከመጀመሪያው» ነው። እኔ፣ እናቴ ገና መቀመጧ ስለነበር ለእሷ የተባለ ነው አልኩ፤ ጋሽ ሞላ ደግሞ «አባ ዳውድ ቢቆጣንም አንጀቱ አልቻለም፣ ያመለጠንን እንድንሰማ ለእኛ ጫት ልንገዛ ለሄድነው ነው» አለ። በቦኖው ወረፋ፣ በሰርግ ድንኳን፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ተሟገትን። አባ ዳውድን ብንጠይቀው «አኮርዲዮኑ ነፋስ አልያዘም ነበር» ብሎ ሌላ ነገር ጨመረብን። እናቴን ብንጠይቃት «ወንበሩ ጥሩ ነበር፤ መደገፊያ ነበረው» አለችን። እኔ አግብቼ ወልጄ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ከገባሁ በኋላም ጋሽ ሞላ ከዘራውን እየተመረኮዘ ይመጣና፣ ገና ከበሩ «ዳኛዋ፣ ዛሬም አላመንሽም?» ይለኝ ነበር።

ያን ባንድ የቀረጸው ሰው የለም። አባ ዳውድም እናቴም አልፈዋል፤ ጋሽ ሞላም ሳያምንልኝ ሄደ። ኑሮዬን አላማርርም፤ ሂሩትና ፋጡማ ባንዳቸውን ያዩት ከመድረኩ ሥር ነው፣ ሴት ናችሁ ብሎ በገመድ የከለላቸው የለም፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ የእነሱ ሙግት በስልክ ያልቃል፤ የእኛ ዕድሜ ልክ አብሮን ኖረ።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ሁለቱም ዘፈኑ ለእናቴ ነው ብለው ወዲያው ፈረዱልኝ። ደስ አላለኝም። አንዱ ወገን ብቻ ተሰምቶ ፍርድ የለምና፣ ጉንጬን ነፍቼ፣ ጋሽ ሞላ ይለው የነበረውን በሙሉ፣ አንድም ሳላስቀር አስረዳኋቸው። ፋጡማ ትንሽ አሰበች።

«እማማ፣ አትቆጪኝና፣ ሰውየው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።»

ደሜ ፈላ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሞላ ይህን ቢሰማ ኖሮ ወሩን ሙሉ ይፎክርብኝ ነበር።