ሁምቦ ሲደመር ገሱባ

የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነበር። ሃያ ያህል ሰው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እግሩን ወደ መሃል ዘርግቶ ተቀምጧል። የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የምረግጥበት ጠፍቶኝ እዚያው ቆምኩ። ገሱባ ከምትባል ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉልኝ።

«ና መምህር፣ እዚህ ተቀመጥ።»

መምህር መሆኔን በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው እጅጌዬ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ አሳዩኝ።

ፖሊሶች የወሰዱኝ ከማስተምርበት ክፍል ነበር። አገር አቀፉ ምርጫ ካለፈ በኋላ በነበሩት ወራት፣ ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ አስተምር ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ የታሰሩ ባልደረቦቻችን መቼ እንደሚፈቱ ጠይቄ ነበርና ጥፋቴ እሱ መሰለኝ። ቢበዛ ተግሣጽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ወጣትና ትሁት ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ስብሰባው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ጠረጴዛው ላይ የማስተማሪያ ደብተሬ ነበር፤ ምልክት ያደረገበትን ገጽ ገለጠው።

«ሁምቦ ሲደመር ገሱባ። ይሄ ምንድን ነው?»

እፎይ አልኩ። ይሄማ እንጀራዬ ነው! የት እንዳለሁ እንኳ ረስቼ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። እዚያ የመደመር ምልክት ቁጥር ብቻ አይደለም የሚደምረው። እኛ ራሳችን ለፈጠርነው ነገር ምን እንዲሠራ እንነግረዋለን። እኔ ለምሳሌ እንዲሆነኝ መንገድን ወሰድኩ። ሁምቦ ማለት ከሶዶ ሁምቦ ያለው መንገድ ነው፤ ገሱባም እንደዚሁ። ሲደመሩ ከሁምቦ ተነስቶ፣ በሶዶ በኩል ገሱባ የሚደርስ አንድ ጉዞ ይሆናሉ።»

«ይሄኛውስ? ቦምቤ ከሁምቦ ይበልጣል?»

«የትኛው መንገድ እንደሚረዝም ማወዳደሪያ ነው።»

ሁሉንም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፈው። ያልገባውን አስደገመኝ።

«ስለዚህ ለምልክቱ ሥራውን የሰጠኸው አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«ያልነገርከው ሰው ቢያየው አይገባውም።»

«አይገባውም» አልኩ፤ ጎበዝ ተማሪ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ።

«ለእነማን ነገርክ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ያንን ገጽ ሁሉም ገልብጠውታል። ከተሞቹን የመረጥኩት ልጆቹ የመጡባቸው ስለሆኑ ነው፤ ደስ ይበላቸው ብዬ። እነዚያ ልጆች በየቅዳሜው መኪና ተሳፍረው ወደ ሁምቦ፣ ወደ ቦምቤ፣ ወደ ገሱባ ይሄዳሉ። በገዛ አፌ የምሥጢር መልእክት፣ መንገድና መልእክተኛ አዘጋጅቼ አስረክቤዋለሁ።

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ስማቸውን ጻፍልኝ። ከሰዓት በኋላ ቤትህ ትገባለህ።»

ቤት መግባት አማረኝ፤ ይህን አልክድም። ስማቸውን ከኮሌጁ መዝገብ ማግኘት ይችል ነበር። በእኔ እጅ እንዲጻፍ ለምን እንደፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እስክሪብቶውን አነሳሁና የራሴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ ቀና አልኩ።

«የእርስዎን ስም ከነአባትዎ ይንገሩኝ።»

«የእኔን? ለምን?»

«የነገርኳቸውን ጻፍ ብለውኛል። አሁን ለእርስዎም ነግሬዎታለሁ።»

ጀግንነት የሚመስለው ዛሬ ሲወራ ነው። መርማሪው ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ለሁለት አጠፈው፤ ፖሊሱንም ጠራ።

ወደ እስር ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ልጃቸው ካመጣችላቸው ቦይና አንዱን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። ጎደሬው ገና ትኩስ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ገሱባን ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉ።

«መንገድ ናት አልኩ።»

«መንገድማ አላት» አሉ። «ድንጋይ ይብዛባት እንጂ አላት።»

ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ቦይናቸውን መብላት ቀጠሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ። ተማሪዎቼን ማንም አልነካቸውም። ደብተሩ ግን አልተመለሰልኝም።

አሁንም ሶዶ ነው የማስተምረው። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ኤ ሲደመር ቢ ብዬ አልፋለሁ። ተማሪዎች ምሳሌው አልገባንም ሲሉኝ ያንኑ እደግምላቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ከገሱባ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ በመንገድ ብናደርገውስ? ሁምቦ ሲደመር ገሱባ ብንል?»

ጠመኔውን ሰጠኋትና «ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው፤ ክፍሉም በአንዴ ገባው።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሁሉም እስኪወጡ ጠበቅሁና ሰሌዳውን ራሴ አጠፋሁት። በሩ ላይ ስደርስ ተመልሼ ደግሜ አጠፋሁት።