የአባቴ ዓይን እና የእኔ ክርክር

በትምህርት ቤት የአማርኛ ክርክር የሚረታኝ አልነበረም። አባቴ ግን ድርቅ ያለ መካኒክ ነው። ጦርነቱ አብቅቶ ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋረዳቸው፤ ገጀረት ሰፈር ካለው ቤታችን ፌርማታው ድረስ እንኳ ግድግዳ እየዳሰሰ ነበር የሚሄደው። ሐኪሙ፣ "በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ከቆየ ግን ዓይኑ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል" አለን።

አባቴ "ኣይፋል" አለ። በትግርኛ አይሆንም ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! "ቢላ ዓይኔን አይነካም" ሲል፣ "ሐኪሙ ስንቱን አድኗል" እላለሁ። "እግዜር ያመጣው ነው" ሲል፣ "ሐኪሙንስ ማን አመጣው?" እላለሁ። "አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን አያለሁ?" ሲል፣ "የልጅ ልጅህን!" እላለሁ። ሁሉንም ረታሁት። በረታሁት ቁጥር ሻሂውን ትቶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ንድድ ይለኛል። አቤት፣ ስወደው ደግሞ!

አንድ እሑድ ማይ ጭሆት የሚኖር የድሮ ተቀናቃኙ ሊጠይቀው መጣ። ዕድሜ ልካቸውን አንዱ የሌላውን ጋራዥ ሲያሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሰውየው በዚያው ሐኪም ዓይኑን ታክሟል። አባቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ከመሳቢያው የማኪና ካንዴላ አውጥቶ ሰጠው።

"እስቲ ክፍተቱን አስተካክል።"

ብልጭታው የሚዘልባት ያቺ ክፍተት የጥፍር ውፍረት ብታክል ነው። ሰውየው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በዓይኑ ለካት፤ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገና መለሰለት። አባቴ በጥፍሩ ዳሰሳት፤ ደግሞ ዳሰሳት።

"ድሮ እንዲህ አትሠራም ነበር" አለው።

"ድሮማ ስሜን ስታጠፋ መቼ አየኸኝ!"

ሳቁ። ከዚያ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፈርተህ ነበር?" አለው።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምን ትለኛለህ! የሐኪሙን እጅ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።"

"እኔ ብቻ መስሎኝ" አለ አባቴ።

የያዝኩትን የሻሂ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወይ እኔ! ቢላውም፣ እግዜርም፣ እርጅናውም ሰበብ ነበሩ። ሰበቡን ስረታ ከረምኩ እንጂ ፈርተህ ነው ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

በሳምንቱ ሆስፒታል ወሰድኩት። ነርሷ ልታስገባው ስትል እጁን አልለቅም አልኩ።

"አቦይ፣ እኔም እኮ ፈርቻለሁ። ከመጀመሪያውም ፈርቼ ነበር።"

ወደ ድምፄ ዞረና እጄን ጨበጥ አደረገ።

"ታዲያ ጓለይ፣ ልጄ፣ እንዲህ ብትይኝ ኖሮ ያኔውኑ እመጣልሽ ነበር" አለኝ።