ጭላት ናት ያልሁ ቀን

ዐረብ አገር፣ በምሠራበት ቤት ሳሎን፣ ከምንጣፉ ዳር፣ አንድ ጭልፊት በአጭር እንጨት ላይ ይውላል። ራሱ ላይ ዓይኑን የሚሸፍን፣ ምንቃሩን ብቻ የሚያስወጣ የቆዳ ቆብ አጥልቀውለታል። የቤቱ አባወራ በረሃ ወርደው ሲያድኑበት ብቻ ነው የሚወልቅለት። የእኔ ሥራ ከሥሩ መጥረግ ነው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ቤቱ ሳይነሣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ ሽታው ይመጣል፤ የቆዳና የጥሬ እርግብ ሽታ። አንዳንድ ቀን እጄ በዚያው ይቆማል። ያን ጊዜ፣ ወዳጄ፣ እዚህ አይደለሁም። ሐይቅ ከተማ ነኝ፣ ከሥጋ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ከአባቴ የስፌት መኪና አጠገብ፣ በርጩማ ላይ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጦ እግሩ መኪናውን ይረግጣል፣ እጁ ጨርቁን ይገፋል፣ ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ከፊታችን ስለነበሩ አሞራ አይጠፋም። የከተማው ሰው ሁሉንም «አሞራ» ብሎ ይገላገላል፤ ጫጩት ከተወሰደበት ደግሞ «ጭልፊት ነው» ይላል። ይሄ ነገር አባቴን ያበሳጨው ነበር። «ኮትና ሸሚዝ አንድ ነው እንዴ?» ይላል። እኔንም እያንዳንዷን በልብሷ ነው ያስተማረኝ።

«ጭላት ከላይ እስከ ታች ቡናማ የለበሰች ናት። ጭራዋን እይ፤ መሀሉ በመቀስ የተቀደደ። ስትታጠፍ መቀሱን ታጣምመዋለች። ሌላውን ተይውና በመቀሱ ፍረጅ።» ጭላት ሌባ ናት። ባለሥጋው ቢላውን ሊስል ዘወር ሲል ከጠረጴዛው ላይ ትነጥቅና፣ እየበረረች እግሯን ወደ አፏ እያመጣች ትበላለች። አንድ ቀን ከአንዲት ሴት እጅ ከነፌስታሉ ወሰደች። ሴትዮዋ ወደ ሰማይ ጡጫዋን እያሳየች «ሐራም ይሁንብሽ!» ስትል መንገዱ በሙሉ ሳቀ። አባቴ መኪናውን አቁሞ «እትዬ፣ አይዘኑ፤ ቢስሚላህ ብላ ነው የወሰደችው» አላት።

ጭልፊት ደግሞ ሌላ ናት፤ ልኳን ተለክታ የተሰፋላት፣ ክንፏ ሹል፣ አንድ ትርፍ ጨርቅ የሌላት። መስጊዱ ሚናራ ላይ ትቀመጥና እርግቦቹ ሲነሡ ከላይ ትለቀቃለች። የእርግቦቹ ክንፍ በአንድ ጊዜ ሲያጨበጭብ ይሰማሻል፤ ከዚያ ዝምታ ነው፤ ከዚያ ነጭ ላባ፣ በር ላይ በተደረደረው ጫማ ላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ሐይቁ ዳር ስንወርድ ነጭ ሻሽ ያሰረችውን ንስር ያሳየኛል። ጥፍሯን ብቻ ውኃው ላይ ነክታ አሳ ይዛ ትነሣለች። «ልብሷን ሳታረጥብ የምታጥብ ሴት» ይላት ነበር።

ገዴ ግን ለብቻዋ ናት። ላይዋ ጥቁር ኮት፣ ውስጧ ነጭ ሸሚዝ፣ ጭራዋ አጭር ሆኖ ቀይ። ከከተማው መውጫ ያለው የመብራት እንጨት ላይ ተቀምጣ ሜዳው ላይ አይጥና ፍልፈል ትጠብቃለች። የእኛ አገር ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መንገድ ሲወጣ ገዴን ያያል። ነጭ ደረቷን ከሰጠችው መንገዱ ቀና ነው። ጥቁር ጀርባዋን ካሳየችው ይመለሳል። አባቴ ጨርቅ ሊገዛ ውጫሌ ገበያ ለመሄድ እንኳ ሳያያት አይወጣም። አንድ ቀን ጀርባዋን ሰጥታ አልዞርም ስትል እስከ እኩለ ቀን፣ እስከ ዙሁር ድረስ ቆሞ ጠበቃት። እናቴ ከደጅ ሆና «አንቱ ሰውዬ፣ ወፏ ዞራ እስክታይዎ ገበያው ተበተነ እኮ!» ብትለው፣ «የተበተነ ገበያ ይሻላል ከተበተነ ሰው» አላት።

እኔ ጠንቃቃ ልጅ ነበርሁ። ለሶላት ኡዱ ሳደርግ ውኃው አንድ ቦታ ያልደረሰ ከመሰለኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ለእውነት እንኳ ወላሂ አልልም ነበር። መድረሳ ውስጥ ኡስታዛችን «በወፍ ገድ ማለት ሺርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት፤ ከአላህ ሌላ መንገድ የሚያቀና የለም» ብለው ሲያስተምሩን ፊቴ ጋለ። ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርሁት። ጨርቁን በጥርሱ ይዞ ስለነበር እስኪለቀው ቆየ።

«ኡስታዝሽ ባለፈው ለሽምግልና ሲሄዱ ጥቁር ድመት አቋርጣቸው በሌላ ሰፈር ዞረው ነው የደረሱት። እሳቸውንም ጠይቂልኝ እስቲ።»

ሳቅሁ፣ ግን ልቤ አልሳቀም። አይቶኝ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ የምለምነው አላህን ነው ልጄ፤ እሷ ልብሷን ብቻ ነው የምታሳየኝ» አለኝ። እኔም በልቤ ቃል ገባሁ፤ ወፎቹን አያለሁ፣ ስማቸውን እናገራለሁ፣ ገድ ግን አልልም።

«ለውጥ መጣ» የተባለ ሰሞን ሰው ሁሉ ባንዲራ ይፈልግ ነበር። አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ሲቀጥል ይውላል፤ በረንዳችን የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሸተተ። ክር ከመርፌው ቀዳዳ መሳት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ መርፌውን ሰደበ። ቀጥሎ ክሩን። ደሴ ሄዶ ሲመረመር ስኳር ነው ተባለ፤ ዓይኑን ይዞታል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ስኳሩን የሚያወርድለት መርፌ ይወጋ ነበር። ማቀዝቀዣ ስለሌለን እናቴ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

እኔ ዓይኑ ሆንሁ። ትምህርት ቤት ሳልሄድ ክር ያስገባሁባቸውን መርፌዎች ኮሌታው ላይ ደርድሬለት እሄዳለሁ። ስመለስ በርጩማዬ ላይ እቀመጣለሁ። ጥላ በበረንዳው ካለፈ እግሩ መርገጡን ያቆማል።

«ማናት?»

«ጭላት ናት አባዬ።»

«ጭራዋን አይተሽ ነው?»

«አይቼ ነው።»

ያላየሁትን አላየሁም፣ ያላወቅሁትን አላወቅሁም እለዋለሁ። አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም። እሱም ያውቃል። ለደንበኞቹ «የኔ ልጅ ከተናገረች፣ ቁረጡት» ይላቸው ነበር፤ ጨርቁን ማለቱ ነው።

ባንዲራው ቀርቶ ጦርነት መጣ። አባቴ በዳበሳ የስንቅ ከረጢት መስፋት ያዘ፤ ከረጢት ዓይን አይፈልግም። ጤፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር በአምባሰል ተራሮች በኩል ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ሩቅ ቤት በር የሚወረወር ይመስል ነበር። ከዚያ መንገዱ በሰው ሞላ። ከሰሜን የመጡት ፍራሽና ሕፃን ተሸክመው በበረንዳችን ፊት ወደ ደሴ ያልፋሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለእናቴ አንድ ብልቃጥ ሰጥታ፣ «ከዚህ በኋላ የለም። ለዐሥር ቀን ያህል ይሆነዋል፤ ሳያልቅ ደሴ አድርሱት» አለቻት። በማግስቱ ነርሷም ሄደች።

አንድ የሰፈራችን ሰው የጭነት መኪና ነበረው። ጠዋት መጣልን። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ የናፍጣው ጭስ በረንዳው ውስጥ ገባ። እናቴ ጥቅሎቹን ጭና፣ ታናሽ እኅቴን አሳፍራ፣ ብልቃጡን ቀዝቃዛ ውኃ ባለው ፔርሙስ ውስጥ ከትታ ተመልሳ መጣች። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሟል። ለመሄድ ተነሥቷል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው።

«ገዴን ሳላይ አልወጣም።»

«በአላህ! መድፍ እየተተኮሰ ወፍ ይጠበቃል?»

«ለውጫሌ ገበያ ያየሁ ሰው፣ ቤቴን ዘግቼ ስሄድ ላላይ ነው?»

እናቴ ከበረንዳው ወደሚታየው የመብራት እንጨት ዞራ አየች። እንጨቱ ላይ ማንም የለም። ጠበቅን። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ያን ጊዜ ጥላ በበረንዳው ላይ አለፈ፣ አባቴም ቀና አለ።

«ማናት?» አለኝ።

ፀሐዩ ከኋላዋ ስለነበር መጀመሪያ ጥቁር ብቻ ነበረች። እናቴ ከአባቴ ጀርባ ቆማ በመዳፏ ደረቷን መታ መታ አደረገች። ቀጥላ የራሷን ነጭ ሻሽ ይዛ አሳየችኝ። ከንፈሯ «ነጭ» አለ። ገባኝ። ወፏ ታጠፈች። ጭራዋን አጣመመች። መሀሉ የተቀደደ ነበር።

የዚያን ጊዜ ያሰብሁትን እንዳለ ልንገርሽ። ውሸት ሐራም ነው አልሁ። ገድ ማለት ሺርክ ነው። ነጭ ናት ካልሁት በአንድ ቃል ሁለት ወንጀል ነው፤ አባቴንም በምላሴ ወደ ሺርክ እገፋዋለሁ። እውነቱን ብነግረው ግን ጭላት ለመንገድ ምንም አትልምና፣ ነገሩን ትቶ ይከተለናል ብዬ አሰብሁ።

«ጭላት ናት አባዬ።»

«ጭራዋን አይተሽ ነው?»

«አይቼ ነው። መቀስ ናት።»

ፊቱ በራ። «ጎሽ የኔ ልጅ። ዓይንሽ ይባረክ። እኔም በጥላዋ ጠርጥሬ ነበር።»

ደስ አለኝ። ይሄን አልደብቅሽም፤ ያን ሰዓት ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ጭላት ሥጋዋን እንጂ መንገድ ምን ታውቃለች። በሉ እናንተ ሂዱ፤ እኔ ገዴን አይቼ በሚቀጥለው መኪና እደርሳለሁ» አለ። እናቴ ኮቱን ያዘች። ለመነችው። በአላህም በልጆቹም ለመነችው። «አብሽሪ፣ ማታ ደሴ ነኝ» ይላታል። ሾፌሩ «እናቴ፣ እየሄድሁ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ሴት ልጆች ይዛ መቅረት አልቻለችም። ፔርሙሱን በእጁ አስጨበጠችውና በአጠገቤ ሳታየኝ አለፈች።

የሚቀጥለው መኪና የሚባል አልነበረም። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። እኛ ከደሴም ተነሥተን፣ ከዚያም ወዲያ ሄደን፣ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር አደርን፤ ብዙ ሌሊት። እናቴ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ትሰግዳለች። ቀኑን ስትቆጥር አይ ነበር፣ በጣቷ፣ ከተስቢሑ ጋር። ዐሥር ላይ ስትደርስ መቁጠሯን ተወች።

ስንመለስ በረንዳው ባዶ ነበር፤ የስፌት መኪናውም የለም። የነገረችን ጎረቤታችን ናት፣ ላሜን ጥዬ አልሄድም ብላ የቀረች ክርስቲያን ባልቴት። የሸሹት ተመልሰው ቤታቸውን ሲጠርጉ እሷ በራችን ላይ ቆማ ነበር።

«መርፌው አለቀ ልጆቼ። ጤና ጣቢያው በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ሰው የለም። ውኃ ብቻ ነበር የሚለኝ። የቀሩት ሽማግሎች በሥርዓታችሁ አጥበው፣ ሰግደው ቀብረውታል። ያልተደረገለት የለም።» ወደ እኔ ዞራ፣ ሊያጽናናኝ ይችላል ያለችውን ነገረችኝ። «ጠዋት ጠዋት ደግፌ አወጣዋለሁ። ማናት ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! ያለፈችውን ሁሉ ደረቷ ነጭ ነው እለዋለሁ፣ ልቡ እንዲያርፍ። አንድ ቀን ቁራ ነበረች መሰለኝ፣ እሷንም ነጭ ናት ብዬው ጮኻ አጋለጠችኝ። እንዴት እንደሳቀ! ‹አንቺማ ቁራንም ነጭ አለበስሻት፤ እኔ የማምነው ልጄን ብቻ ነው› አለኝ።»

እሷን አላመናትም። እኔን ግን ያምነኝ ነበር። ነጭ ናት ብዬው ቢሆን፣ ጭራዋን አይተሽ ነው ብሎ ይጠይቀኝና፣ አይቼ ነው ስለው ይሳፈር ነበር።

መቃብሩ ላይ ቆሜ አላለቀስሁም። እስካሁንም አላለቀስሁም። ሰው «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» ይለኛል። ነው፤ አምናለሁ። በኋላ ኡስታዙን አግኝቼ፣ የሰው ነገር አስመስዬ ጠየቅኋቸው። «ነፍስ የሚያድን ከሆነ ውሸቱ ይፈቀዳል» አሉኝ። እኛ በዚያ ዓመት እዚያ ምዕራፍ ገና አልደረስንም ነበር።

እናቴ ስለዚያ ጠዋት አንሥታ አታውቅም። እኔ እዚህ ስመጣም ዱዓ አድርጋ ሸኘችኝ እንጂ ምንም አላለችም። ባለፈው ጁምዓ ደወልሁላት። ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ እኅቴ ስንተኛ እንደወጣች ካወራን በኋላ ልሰናበታት ነበር።

«አንች» አለችኝ፣ «ያች ወፍ... እውነት ጭላት ነበረች?»

«አዎ እማ።»

«እሽ።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ። አንች እንደማትዋሽማ መች አጣሁት።»



«በልተሻል?» አለችኝ።

«በልቻለሁ።»

አልበላሁም ነበር።