በዱቄት ከረጢት ላይ የሣልኩት ልብ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወለንጪቲ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ገና ጀማሪ ነበርኩ። አባቴ ወንጂ ሸንኮራ እየቆረጠ ነው ያስተማረኝ፤ ስለዚህ ሥራዬን እንደ ዋዛ አላየውም ነበር። ክፍሉ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ተማሪው ጢም ብሎ ይሞላል፣ መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ አንድ እንኳ አይደርስም። የልብን አሠራር ለማስተማር በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፤ ሥዕሉን ጨርሼ ዞር ስል ደወል ይደወላል። የከሰዓት ፈረቃ አስተማሪ ይገባና ይጠርገዋል። በማግስቱ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ።

ክረምት ላይ የየከተማው አስተማሪዎች ናዝሬት ለሥልጠና ተሰበሰብን። አጠገቤ የተቀመጡት የናዝሬት የባዮሎጂ አስተማሪ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። በሻይ ሰዓት ስለ ሰሌዳው ሳማርር ሰሙኝ።

«ልብን አንቺ ሣይ» አሉኝ። «አንድ ብቻ፣ ግን የማይጠፋ። እኔ ሳንባ እሠራለሁ። ከዚያ እንለዋወጣለን።»

ከቆቃ የመጡ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ከወዲያ ሆነው ሳቁ። «እኛስ? ሳይንስ ስላላስተማርን ልንቀር ነው?»

«ምን አለዎት?» አሏቸው እትዬ።

«የሳጥን ጣውላ። ሾጣጣ በሉኝ፣ ኪዩብ በሉኝ፣ እጠርባለሁ።»

ከዝዋይ የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪም የዓሣ አጽም አድርቆ ጣውላ ላይ ሊለጥፍልን ቃል ገባ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተስማማን።

ወንጂ ስሄድ ለእናቴ ነገርኳት። ዱቄት የመጣበትን ነጭ የጨርቅ ከረጢት ከገበያ ፈላልጋ፣ ጽሑፉ እስኪለቅ ቀቅላ፣ አንድ ላይ ሰፋችልኝ። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያወጣሁትን ጥቁር ዱቄት በጥብጬ የልቡን ቅርጽ አወጣሁ። ንጹሑን ደም በቀይ፣ ያልተጣራውን በሰማያዊ ቀለም ሞላሁ። ደሙ የሚሄድበትን በቀስት አመለከትኩ። ግድግዳ ላይ ስሰቅለው ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ በግልጽ አየው። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ዝዋይ የሚላክበት ተራ ሲደርስ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ጥቅልሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ናዝሬት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቆቃ ድልድይ አጠገብ ኬላ ነበር፤ ወታደሮቹ ሁላችንንም አስወርደው ፍተሻ ጀመሩ። አንዱ ጥቅልሌን ዘረጋና ክው አለ።

«የምን ካርታ ነው ይሄ?»

«ካርታ አይደለም፤ ልብ ነው» አልኩት።

«ልብ? እነዚህ ቀስቶችስ? በቆቃ ግድብ ዙሪያ ማን ከየት እንደሚመጣ ነው እንዴ?»

በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ጥሩ መልስ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። አሥር አለቃው ተጠርቶ መጣ፤ ጨርቁን ገለባብጦ አየና ፊቴን ተመለከተ።

«ጓዲት፣ አስተማሪ ከሆንሽ አስተምሪና እንየው» አለኝ።

ሁለት ተሳፋሪዎች የጨርቁን ጫፍ ይዘው አውቶቡሱ ጎን ላይ ወጠሩልኝ። ከየት እንደምጀምር ግራ ስለገባኝ ሥዕሉን ተውኩትና «እስቲ ሁላችሁም የእጃችሁን አንጓ እንዲህ ያዙ» አልኩ። ሾፌሩ ያዘ፣ ረዳቱ ያዘ፣ አንዲት ዶሮ የታቀፉ እናት ዶሮዋን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያዙ። የመጀመሪያው ወታደርም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ያዘ።

«ምን ይሰማችኋል?»

«ይመታል» አለ ወታደሩ።

«እሱን የሚመታው ይሄ ነው» ብዬ ወደ ሥዕሉ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሰማያዊውን ወደ ሳንባ ላክሁት፣ ቀዩን መለስኩት፣ ወደ መላ ሰውነት በተንኩት።

«ስሮጥ የሚፈጥነውስ?» አለ ወታደሩ።

«እግርህ ብዙ ደም ስለሚፈልግ ነዋ!»

ራሱን ነቀነቀ። የዶሮዋ ባለቤት በኦሮምኛ ለጎረቤታቸው አንድ ነገር ብለው ተሳሳቁ። አሥር አለቃው ጨርቁን በራሱ እጅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ትምህርት ቤት እያለሁ እንዲህ ያስተማረኝ አልነበረም» አለና መንገዱን ከፈተልን። አውቶቡሱ ውስጥ እስከ መቂ ድረስ ሰው ሁሉ አንጓውን እንደያዘ ነበር።

ዝዋይ ስደርስ ወጣቱ አስተማሪ በጋሪ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ወዲያው እርሳስ አውጥቶ በጨርቁ ጀርባ ላይ «መጀመሪያ አንጓቸውን አስይዙ» ብሎ ጻፈ። ለሚቀጥለው አስተማሪ ይጠቅማል አለኝ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ፤ ጥቅልሉ በአውቶቡስ ረዳቶች እጅ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ የተጠቀመበት ሁሉ ጀርባው ላይ ያየውን ይጽፍበታል። «ቀስቶቹን አንድ በአንድ ሸፍናችሁ ጠይቁ» ይላል የእትዬ ጽሑፍ። ከማላውቀው ትምህርት ቤት፣ የማላውቀው ሰው፣ የአካል ክፍሎቹን ስም በኦሮምኛ ጨምሮበት ተመለሰ። ልቤ ሄዶ ከእኔ በላይ አውቆ ይመጣ ጀመር።

በዓመቱ ናዝሬት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። የእኛ ዕቃዎች አንድ ግድግዳ ሙሉ ያዙ። ኃላፊው የምስክር ወረቀት ሊጽፍ ብዕሩን አውጥቶ «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የአራት ከተሞች ነው» አሉ እትዬ። «አንድ ስም ጽፈው እንዳያጣሉን።»

ሰውየው ትንሽ አመነታና ወለንጪቲ፣ ናዝሬት፣ ቆቃ፣ ዝዋይ ብሎ ጻፈ።

አባቴም ከወንጂ የክት ኮቱን ለብሶ መጥቶ ነበር። ስፈልገው የልቡ ሥዕል ፊት ቆሞ አገኘሁት። የዝዋዩ አስተማሪ ለጎብኚዎች እያስረዳ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ያስረዳል። አባቴ አንጓውን እንደተባለው ይዞ፣ ከሰው መሀል አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል።

የዝዋዩን አስተማሪ ላስቆመውና «የሣልኩት እኔ ነኝ» ልል ፈልጌ ነበር። ተውኩት። ከአባቴ ጎን ሄጄ ቆምኩና እኔም አንጓዬን ያዝኩ።