ምንም ቢያለቅስ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ልጅ ሳለሁ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ የሰሊጥ ሥራ ባለቀ ቁጥር እኛ ዘንድ ይከርም ነበር። መተማ እያለ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበረ፣ ያኔ መብራት ሲጠፋ ፋኖሱን ለኩሶ፣ ለትንኝ ያጨስነው ኩበት ዓይናችንን እየለበለበን፣ በተረቱ መሀል እንግሊዝኛ ጣል ያደርግልን ነበር።

አንዱ ተረቱ ስለ ማሽላ ጠባቂ ነበር። ጅብ የሰው ድምፅ እያስመሰለ ከአጥሩ ሊያስወጣው ይጠራዋል፤ በወንድሙ ድምፅ፣ በሚስቱ ድምፅ፣ በመጨረሻም በልጁ ድምፅ።

«ኖ ማተር ሁ» ይላል አያ ሞላ ፍሙን እየቆሰቆሰ፤ «ማንም ይጥራው ማን፣ አይወጣም። ኖ ማተር ሃው፤ ምንም ያህል ቢለምኑት አይወጣም። ልመናው ለውጥ አያመጣም ማለት ነው።»

አንድ ክረምት የትንሹ ወንድሜ የአበራ ሆድ ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። አባቴም አያ ሞላም እርሻ ላይ ስለነበሩ እናቴ አዝላው ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች፤ እኔም ተከተልኋት። ሐኪሟ የውጭ አገር ሴት ናት። ሆዱን ጫን ስታደርግ ፊቷ ተለወጠ። አስተርጓሚ አልነበረምና ወደ እኔ ዞረች።

«ኖ ማተር ሃው ማች ሂ ክራይስ፣ ኖ ዋተር!» ብላ ቀዶ ጥገናውን ልታዘጋጅ ገባች።

«ውሃ የለም ነው የምትለው?» አለች እናቴ። «እኔ ይዣለሁ።»

«አይደለም፣ እማዬ። ምንም ቢያለቅስ ውሃ እንዳትሰጡት ነው ያለችው።»

«ልጄ በጥም ሊያልቅ! ደህና አድርገሽ ሰምተሻል?»

እኔስ በምን እርግጠኛ ልሁን? አበራ እንደ ሰፈሩ ልጆች በዐረብኛ «ሞያ! ሞያ!» እያለ ውሃ ይለምናል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እናቴ ጠርሙሱን ስትከፍት ነጥቄ ደረቴ ላይ ያዝሁት። ያኔ አበራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ ውሃ» አለኝ። ያ የጠባቂው ልጅ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ ግን ይሄ ጅብ አልነበረም፣ የራሴ ወንድም ነው። እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሳች፤ ከዚያ በዚያው እጇ አፏን ይዛ ተቀመጠች። በሩ እስኪከፈት ድረስ ጠርሙሱን ከደረቴ አላወረድሁም።

ዳነ። ውሃ ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ በማደንዘዣው ተኝቶ ሳለ ሊታነቅ ይችል እንደነበር በኋላ ነገሩን። በማግሥቱ ማንኪያ ውሃ ሲፈቀድለት እኔ ቀድሜ አቀረብሁለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከእናቴ እጅ ጠጣ።

ዛሬ አበራ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ታሪኩን ሲነግሩት ይስቃል እንጂ አንዱንም አያስታውስም። ሰው ሁሉ ደግ አደረግሽ ይለኛል። እኔ ግን ከዚያ ቀን የቀረኝ ያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሰጠኝ ትንሽ ጀርባ ነው።