ከለቅሶ ቤት የወጣ ጣሳ

ሰው ሞቶ ስለ ድልድይ ሲወራ አልችልም። አልችልም፣ አለቀ።

በስደት በምኖርበት ቶራንስ ከተማ ለሥራ የምንከባከባቸው ጃፓናዊት አሮጊት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ የተወለዱበትን የባሕር ዳርቻ ሲያፈርሰው የታናሽ ወንድማቸው ሚስት ቤት ተደርምሶባት ሞተች። እትዬ ያኔ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ስለነበሩ ለቀብር አልደረሱም። ወንድማቸውም ከዚያ ወዲህ ስልክ ማንሳት ተዉ። "ቀብር ስለቀረሁ ተቀይሞኛል፤ ሳልሞት ይቅር ይበለኝ" ብለው ይኸው ጃፓን ድረስ ይዘውኝ ሄዱ።

ለቅሶ ነው፣ ባዶ እጅ አይኬድም። ንፍሮ አውሮፕላን ላይ አይያዝ፤ ፌርፋክስ፣ ሐበሻ ሰፈር ያሉት ጓደኞቼ ዳቦ ቆሎ ቆልተው በትልቅ ጣሳ ሞሉልኝ።

ወንድማቸው ቤት ለፈረሰባቸው በተሠራ መጠለያ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። በሩ ላይ ጎንበስ አሉ። እትዬም ጎንበስ አሉ። በቃ! ከስንት ዓመት በኋላ ተገናኝተው መተቃቀፍ የለ፣ ወይኔ ማለት የለ። ጭራሽ ሽማግሌው "ይህን ሁሉ መንገድ አደከምናችሁ" ብለው እኛኑ ይቅርታ ጠየቁን፤ እትዬ ናቸው የሚያስተረጉሙልኝ። ከዚያ ሻይ ቀርቦ ስለ አዲሱ ድልድይ ተወራ። ስለ ወደቡም ተወራ። የሟቿ ፎቶ ግን ፊት ለፊታችን ነው፣ ብርቱካን ተቀምጦላታል፣ የኔም ዳቦ ቆሎ በሳህን ተደርጎ አጠገቡ ተቀመጠ።

ኧረ አንዳችሁ አልቅሱ! ቢቸግረኝ እኔው ለማላውቃት ሴት እንባዬን ለቀቅኩት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሶፍት አቀበሉኝና ወደ ድልድያቸው ተመለሱ።

ልንወጣ ስንል ማብሰያው ጥግ ካለው መጋረጃ ጀርባ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ጣሳዬን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ፤ ታጥቦ ሩዝ ተሞልቷል።

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ። ቤት የፈረሰበት ሰው ሩዝ ልውሰድ? ያውም ከለቅሶ ቤት? እሳቸው ይሰጡኛል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ይሰጡኛል፣ እመልሳለሁ። በመጨረሻ የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጬው እትዬን ደግፌ ታክሲ ውስጥ ገባን።

ትንሽ እንደሄድን እትዬ፣

"ምን አደረግሽ?" አሉኝ።

"ምን አደረግኩ?"

"እኛ ዘንድ ለቅሶ የደረሰ ሰው መልስ ይሰጠዋል። መልሱን ካልተቀበለ እንዳልመጣ ነው። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም፤ ይኸው ዛሬም አልነበርኩም።"

"ታዲያ እዚያው አይነግሩኝም?"

"በወንድሜ ፊት ልቆጣሽ?"

የሰው ያለህ! በዚህ ጨዋነታቸው አንድ ቀን ይገድሉኛል። ግን ከሁሉ በላይ የበገንኩት በራሴ ነው። እናቴ የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም ነበር። ይህንን እያየሁ አድጌ!

ታክሲውን አስመለስኩት። ሽማግሌው በሩ ላይ እንደተውናቸው ቆመዋል፣ ጣሳውን ታቅፈው። እኔ ልቀበል እጄን ስዘረጋ እትዬ ቀድመውኝ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ የሆነ ነገር ተናገሩ። እትዬ አላስተረጎሙልኝም።

ታክሲው ሲንቀሳቀስ "ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"'ስልክ ያላነሳሁት ልምጣ እንዳትዪኝ ነው፤ የማሳድርሽ ቤት የለኝም' አለኝ።"

በዚህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያልተነጋገራችሁት? ብዬ ልጮህ ዞር ስል፣ እትዬ ጣሳውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ድምፃቸውን አውጥተው ያለቅሳሉ። ሶፍት አቀበልኳቸው።