ከጽፋት የጀመርሁት ሩጫ

ውድድር ሲደርስ እኔን የሚይዘኝ ማዛጋት ነው። ጓደኛዬ የጫማዋን ክር አሥር ጊዜ ትፈታለች፣ አሥር ጊዜ ታሥራለች፤ እኔ ግን መስመሩ ላይ ቆሜ አፌን እንደ ጉማሬ እከፍታለሁ።

«አንች፣ እንቅልፍሽን ጨርሰሽ አትመጭም?» ትለኛለች።

እንቅልፍ አይደለም። ልቤ ሆዴ ውስጥ ወርዳ እዚያ ትዘላለች።

የምሮጠው ሦስት ሺህ ሜትር ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ስንለማመድ የሚቀድመኝ የለም። ውድድር ላይ ግን ሁለት ጊዜ አቋርጬ ወጣሁ። ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ጥዬ ሄድሁ፤ ከመሃል ሳልደርስ እግሬ ድንጋይ ሆነ። አሠልጣኛችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቁርጡን ነገረኝ፦ «በዚህ ማጣሪያ ከሦስት ውስጥ ካልገባሽ ከቡድኑ ትወጫለሽ።»

እኔን የሚያጠፋኝ ማሟሟቂያው ነበር። ከውድድር በፊት ክብ ሠርተን እንዘላለን፣ አሠልጣኙ ያጨበጭባል፣ «እሳት ሁኑ! ማን ይቀድማችኋል?» ይላል፣ እኛ «ማንም!» እያልን እንጮሃለን። ጓደኛዬን ይጠቅማታል፤ እሷ ካልጮሁላት አትነሳም። እኔ ግን ፊሽካው ሳይነፋ በልቤ ሮጬ እጨርሳለሁ።

በማጣሪያው ዋዜማ እራት አልወርድ አለኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ስፖርት አይገባቸውም። ለእሳቸው ሰው የሚሮጠው ባጃጅ ሲያመልጠው ነው።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«ፈራሁ፣ አባ።»

እንዴት እንደምጀምርና የት እንደምወድቅ ነገርኋቸው። የጠቀለሉትን ጉርሻ እንደያዙ ሳቁ።

«አንች ከጽፋት ነዋ የምትጀምሪ!»

ማኅሌት ሲቆም መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቁም ዜማ ይሉታል። ቀጥሎ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ቀጥሎ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል። ጽፋት፣ ፈጣኑ ጭብጨባ፣ የሚመጣው መጨረሻ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌ፣ ለእግሬም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«እርስዎ ሲመሩ አይፈሩም?»

«እንዴት አልፈራ? አፌ ክው ይላል። ቁም ዜማውን እስክንጨርስ ግን ፍርሃቱ ራሱ ይለሰልስና ለከበሮው ጉልበት ይሆነኛል።»

በማግስቱ ጠዋት አሠልጣኙን፣ «ኮች፣ ለብቻዬ ሜዳው ዳር ያለው ዋርካ ሥር ላሟሙቅ?» አልሁት።

«ልትተኝ ነው?»

«አልተኛም።»

«እሽ። ከሦስት ውስጥ ነው ያልሁሽ።»

እነሱ ሲጮሁ እኔ ዋርካው ሥር በቀስታ ተንቀሳቀስሁ። ማዛጋቱ አልቀረም፤ ተውሁት። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ተፈተለኩ፣ እኔ መጨረሻ ሆንሁ።

«ነይ እንጅ!» አለችኝ ጓደኛዬ ዞር ብላ።

እግሬ ሊከተላት ፈለገ። በሆዴ ቁም ዜማውን ይዤ ከለከልሁት። ደስ አይልም፤ መጨረሻ መሆን ያሳፍራል። ሦስተኛው ዙር ላይ እጆቼን እንደ መቋሚያ እንዲወዛወዙ ለቀቅሁ። ከመሃል ካለፍን በኋላ ከበሮው ገባ። ከፊቴ ያሉት ልጆች ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጥቶ ነበር። ያንን ትከሻ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው የእኔ ነበር። አንድ በአንድ አለፍኋቸው። በመጨረሻው ዙር ልቤ እንደ ልማዷ ዘለለች፤ አሁን ግን ሰዓቷ ነበርና ለቀቅኋት።

ጓደኛዬ አንደኛ ወጣች፤ እኔ ሦስተኛ። ሣሩ ላይ ተዘርግቼ ስስቅ፣ «ነቃሽ?» አለችና ውሃ አፈሰሰችብኝ። አሠልጣኙም በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ከእንግዲህ ዋርካው ያንች ነው» አለኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ስንተኛ?»

«ሦስተኛ! ቡድኑ ውስጥ ነኝ!»

እጃቸውን አጨበጨቡ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ሁለቱ ግን እንዴት ቀደሙሽ?» አሉ። «ለሚቀጥለው መጥቼ አያለሁ።»

አባቴ! ሜዳ ላይ! ከነጥምጥማቸው!

እዚያው በር ላይ አዛጋሁ።